አስተርጓሚዋ የምታውቀው

በፈረንጆች ነሐሴ 2021 ካቡል በታሊባን እጅ ስትወድቅ ከ76 ሺሕ በላይ አፍጋናውያን ወደ አሜሪካ መጡ። አብዛኞቹ የያዙት የ2 ዓመት ጊዜያዊ ፈቃድ ነበር። እኛ ስደተኛ የምናሰፍር ሠራተኞች ያን ጊዜ ለአንድ ቤተሰብ የነበረን ጊዜ 90 ቀን ነበር፤ ቤት ይፈለጋል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይገባሉ፣ ሥራ ይገኛል። በዚህ በሰሜን ቨርጂኒያ ያን ሰሞን ፋይሉን የያዝነው እኛ ብንሆንም ሸክሙን ያነሱልን ከሶቪየት ወረራ በኋላ የመጡት የአገራቸው ሰዎች ናቸው። ሶፋ ተሸክመዋል፣ ሐላል ሥጋ ቤት አሳይተዋል፣ ለአከራይ ዋስ ሆነዋል።

ቆይተው አጥኚዎች መጠይቅ ይዘው መጡ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንዱን ቤት አብሬ ገባሁ። ሥራ አለዎት? አለኝ። ኪራይ ይከፍላሉ? እከፍላለሁ። ቅጹ ላይ ቤተሰቡ «ራሱን ችሏል» ተባለ። ልጅ ሆና ከካቡል የወጣችው አስተርጓሚ ባልደረባዬ ሄል የገባበትን ሻይ ጨርሳ ወደ ሚስትየው ኪችን ገባች። ስትመለስ ወሬው ሌላ ነው። ካቡል ዐቃቤ ሕግ የነበረው ሰውዬ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል፤ ከኪራዩ የጎደለውን የሚሞሉት አጎቱ ናቸው። ሚስትየው እንግሊዝኛ መማር ያቆመችው ባሏ ከልክሏት አይደለም፤ ክፍሉ ማታ ነው፣ ሕፃኑን የሚይዝላት የለም፣ አውቶቡሱም በዚያ ሰዓት አይመጣም። የምትፈልገው መንጃ ፈቃድ ነው። መጠይቁ ስለ መኪና አንድም ጥያቄ አልነበረውም።

ጥናቱ ሲወጣ ባልደረባዬ የተነሣችው አስተርጓሚዎች በሚመሰገኑበት መስመር ላይ ብቻ ነው። ጥያቄዎቹን ከመነሻው እሷ ማየት ነበረባት።

የቆየው ዳያስፖራ ሁሉ ስለ አዲሱ መጤ መናገር ይችላል ማለቴ ግን አይደለም። ዳሪ እየተናገረ ያደገ የካቡል ከተሜ ፓሽቶ ለሚናገር የኩናር ገበሬ ባዕድ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ሴት ልጅ ትምህርት ሲነሣ ንዴቱ ሲያመልጠው አይቻለሁ። (እኛስ ኢትዮጵያውያን ብንሆን፣ በደርግ ዘመን የወጣውና ትናንት በዲቪ የመጣው አንድ ቤተ ክርስቲያን እየሳሙ መቼ ተግባቡ?)

ጊዜያዊውን ፈቃድ ወደ ቋሚ መኖሪያ የሚያሻግረው ረቂቅ ሕግ በ2022 ለኮንግረስ ሲቀርብ አፍጋን አሜሪካውያን ከጦር ተመላሾች ጋር ሆነው ብዙ ወተወቱ፤ አልጸደቀም። ሕጉ በእጃችን ባይሆንም እኛም በበኩላችን አጥኚ ቤት ከማስገባታችን በፊት መጠይቁ ቀድሞ ለባልደረባዬ እንዲሰጥና ሰዓቷ እንዲከፈል እንጠይቃለን። የሚስማማ አለ፤ ሌላ ቢሮ የሚፈልግም አለ።