ፍጥነት ከመረሬ ይጀምራል

ቱሉ ዲምቱ ላይ ቆሞ ወደ አዳማ የሚዘረጋውን የፍጥነት መንገድ ያየ ወጣት ሞተረኛ ልቡ ቢሸፍት አይፈረድበትም። ወደ 85 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጥርት ያለ አስፋልት ነው። የሞተር እሽቅድድም ግን እዚያ አይጀመርም። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ነዳጅ መስጠት ለማንም አይከብድም፤ ተወዳዳሪን ከተወዳዳሪ የሚለየው ኩርባው ነው። ኩርባ ደግሞ የሚለመደው በታጠረ ቦታ፣ በዝግታ፣ በተለይም አፈር ላይ ነው። አፈር ለአቃቂ ቃሊቲ ብርቅ አይደለም።

አፈር ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። አሜሪካዊው ኬኒ ሮበርትስ ከእ.ኤ.አ. 1978 እስከ 1980 በተከታታይ ሦስት ጊዜ የ500 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በአገሩ የአፈር ሜዳዎች ላይ ተፈትኖ ካደገ በኋላ ነው። ዘጠኝ የዓለም ዋንጫ ያነሳው ጣሊያናዊው ቫለንቲኖ ሮሲም ባደገበት መንደር በታቩሊያ የአፈር መለማመጃ ሠርቶ ከሱ በኋላ የመጡትን ወጣቶች እዚያ ያሠለጥናል። ነገሩ ቀላል ነው። አፈር ላይ ጎማ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነትም ይንሸራተታል፤ ሰውነት መንሸራተትን ሳይደነግጥ ይለምደዋል፤ ቢወድቁም ልብስ አራግፎ መነሣት አለ። አስፋልት ላይ ጎማ የሚከዳው በትልቅ ፍጥነት ነው፤ ያኔ ለመማር ጊዜ የለም።

የአቃቂ ሜዳ አፈር በአብዛኛው መረሬ ነው። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት በጎማውና በፓራፋንጎው መሐል እየተጠቀጠቀ ሞተሯን ቀጥ አድርጎ ያቆማል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ላዩ ጠጠር ብሎ ስንጥቁ ገና ሳይሰፋ፣ ለልምምድ የተሻለ ይሆናል። ጤፍና ሽምብራ የቆመበት ማሳ ግን የሰው እንጀራ ነውና ዳሩም አይነካ።

የመጀመሪያው ትምህርት ሁለት አሮጌ ጎማ ብቻ ይፈልጋል። በሃያ እርምጃ ርቀት ይቀመጡና በዙሪያቸው የ8 ቁጥር ቅርጽ እየሠሩ መዞር ነው። ዓይን የፊት ጎማውን አያይም፤ የሚያየው ገና የሚደረስበትን ነው። ሞተር ዓይን ወደሄደበት ትሄዳለችና ጉድጓዱን አፍጥጦ የሚያይ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ፍሬን የሚያዘው ኩርባው ሳይጀምር፣ ሞተሯ ቀጥ ብላ ሳለች ነው፤ ነዳጅ የሚሰጠውም ከኩርባው ስትወጣ፣ ቀስ በቀስ። ከዚያ ብዙዎችን የሚያስገርም ነገር ይመጣል። ፍጥነት የያዘች ሞተር ወደ ግራ የምትታጠፈው መሪዋን ወደ ግራ በማዞር አይደለም። የግራውን እጀታ ወደ ፊት ገፋ ሲያደርጉት የፊት ጎማው ለቅጽበት ወደ ቀኝ ይላል፤ ሞተሯ ግን ወደ ግራ ትጋደማለች፤ መጋደሟም ወደ ግራ ያዞራታል። ይህን እጅ ሳያስብ እስኪሠራው ድረስ መደጋገም ያስፈልጋል።

ለዚህ ሁሉ የውድድር ሞተር መግዛት አያሻም። 100 ወይም 150 ሲሲ የሆነች፣ መስታወቷና መብራቷ የተፈታላት አሮጌ ቦክሰር ትበቃለች። ዋናው ሞተሯን ማወቅ ነው። አቃቂ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ማንኛዋም ተራ ሞተር እዚህ ከባሕር ዳርቻ ጉልበቷ አንድ አምስተኛውን ያህል ታጣለች። በካርቡራተር የምትሠራ ከሆነች ደግሞ አየሩ ሲያንስ ነዳጁ ይበዛባታል። ይህን የሚናገረው ካንዴላው ነው። ከልምምድ በኋላ ፈትተው ጫፉን ይዩት፤ ጥላሸት ከለበሰ ነዳጅ በዝቷል፤ ከነጣ አንሷል፣ ያም ፒስተን ያቃጥላል፤ የተቆላ ቡና ቀለም ከያዘ ልኩ ነው። የሰፈር መካኒክ ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእጁ ያውቀዋል። ጀማሪ አንድ ዓመት ከእንዲህ ያለ ሰው ጎን ተቀምጦ ካቴና ቢያጥብና ፍሪሲዮን ቢያስተካክል የሚያገኘውን የትም ከፍሎ አያገኘውም።

ገንዘብ የሚወጣበት ነገር ካለ ግን ሄልሜት ነው። አገጭ የሚሸፍን፣ ማሠሪያው የማይላላ፣ ልክ የሆነ። አንዴ አደጋ ላይ የተመታ ሄልሜት ውጩ ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ስፖንጅ ተጨፍልቋልና ለሌላ አይሰጥም፣ አይሸጥም። ቀጥሎ ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚያልፍ ጫማ፣ የጀርባና የጉልበት መከላከያ። በሰንደልና በቲሸርት የሚለማመድ ልጅ ሳይ እውነቴን ነው የምለው፣ ሆዴ ይረበሻል።

ሕጉንም ማወቅ ግድ ነው። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር መንዳት ስለተከለከለ መለማመጃው ድረስ ጭኖ መውሰዱ ይሻላል። የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን ማለፍ የአሽከርካሪነት መጀመሪያ እንጂ የተወዳዳሪነት ማስረጃ አይደለም። ለውድድር መንገዱ ክለብ ውስጥ ገብቶ በኢትዮጵያ ሞተር ስፖርት አሶሴሽን በኩል መመዝገብ ነው። እዚያ ባንዲራ ማንበብ ይጠበቃል፤ ቢጫ ሲውለበለብ አደጋ አለና መቅደም የለም፣ ቀይ ሲወጣ ውድድሩ ይቆማል።

ከአገር ውጭ በሩ ጠባብ ነው፤ ዝግ ግን አይደለም። ኡጋንዳ ውስጥ ኢንቴቤ አጠገብ ጋሩጋ በሚባለው ሜዳ ትንንሽ ልጆች በ50 ሲሲ ሞተር ሞቶክሮስ ይወዳደራሉ፤ ሲያድጉ ወደ 65፣ ወደ 85፣ ወደ 125 ይሻገራሉ። ደቡብ አፍሪካዊው ብራድ ባይንደር ለታዳጊዎች በተዘጋጀው የሩኪስ ካፕ አልፎ እ.ኤ.አ. በ2016 የሞቶ3 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2020 ደግሞ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ብርኖ ላይ በሞቶጂፒ ያሸነፈ የመጀመሪያው ደቡብ አፍሪካዊ ሆኗል። ልዩነቱ በልጅነት መጀመሩና መጀመሪያ የሚሆን ቦታ ማግኘቱ ነው።

የእኛ ልጆች ያጡት ያንን ቦታ ነው። አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ አጥር ያለው፣ ሥራ ያልጀመረ ሰፊ ግቢ ያላችሁ ባለ ፋብሪካዎችና ባለ መጋዘኖች፣ እሑድ ጠዋት ለሦስት ሰዓት በሩን ክፈቱላቸው። ሄልሜት የሌለውን አታስገቡ።