የጢም መላጫ ሳሙና በቤት ውስጥ ስለ መሥራት

ጢሙን የሚላጭ ሰው ምላጩ ስለታም መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ ይመረምራል፤ ምላጩ የሚንሸራተትበትን ሳሙና ግን የሚመረምር ጥቂት ነው። ብዙዎች ለልብስ ማጠቢያ የተሠራውን ሳሙና ፊታቸውን ቀብተው ይላጫሉ፤ ከዚያም ፊታቸው ሲቀላ፥ ሲያቃጥላቸውና ሽፍታ ሲያወጣ ጥፋቱን ሁሉ በምላጩ ላይ ያደርጉታል። መልካም የመላጫ ሳሙና ከሞራና ከጉሎ ዘይት በቤት ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን ሥጋን የሚያቃጥል ኀይለኛ ቅመም የሚገባበት ስለሆነ፥ በግምት ሳይሆን በሚዛን፥ በችኮላ ሳይሆን በትዕግሥት መሠራት አለበት። የዚህም ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ማስረዳት ነው።

ሳሙና ለመላጨት ስለሚሰጠው ጥቅም

የጢም ጠጉር ደረቅ ሳለ ጠንካራ ነው፤ ውሃ ሲገባበት ግን ይለሰልሳል፥ በቀላሉም ይቆረጣል። ስለዚህ ከመላጨት በፊት ፊትን ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ ያህል በሞቀ ውሃ ማራስ ይገባል። የሳሙናውም ሥራ ሁለት ነው። አንደኛ፥ አረፋው ውሃውን በጠጉሩ ላይ ይዞ ቶሎ እንዳይደርቅ ያደርጋል። ሁለተኛ፥ በምላጩና በቆዳው መካከል አንሸራታች ሽፋን ሆኖ ቆዳው እንዳይፋቅ ይከላከላል። ከሞራ በሚሠራ ሳሙና ውስጥ ስቴሪክና ፓልሚቲክ የሚባሉት የቅባት አሲዶች ስለሚበዙ፥ አረፋው ደቃቅ፥ ወፍራምና ቶሎ የማይጠፋ ይሆናል። የጉሎ ዘይት ደግሞ አረፋው በቀላሉ እንዲነሣ ይረዳል።

ልኩ ስለ ምን እንዲህ ይጠነቀቁለታል?

ቅባትና ኮስቲክ ሶዳ በውሃ ውስጥ ሲገናኙ ሁለቱም የቀድሞ ጠባያቸውን ትተው ሳሙናና ግሊሰሪን ይሆናሉ። የቅባትን ጠባይና የሳሙናን አሠራር በሚገባ የገለጸው ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሚሼል ኤዠን ሼቭረል ሲሆን፥ የምርምሩን ውጤት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1823 በመጽሐፍ አሳትሞአል። ከዚህ የምንረዳው ዋና ነገር፥ የተወሰነ ክብደት ያለው ቅባት የሚቀበለው ሶዳም የተወሰነ መሆኑን ነው። ሶዳው ቢበዛ ትርፉ በሳሙናው ውስጥ ቀርቶ ፊትን ያቃጥላል። ጥቂት ቢጎድል ግን ሳይለወጥ የሚቀረው ቅባት ቆዳን ያለሰልሳል። እጅግ ቢጎድል ደግሞ ሳሙናው ይልፈሰፈሳል፥ ውሎ አድሮም ይሸታል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የሚሰጠው ልክ ሶዳው ሆን ተብሎ በጥቂቱ እንዲጎድል የተደረገበት ነው።

ቀድሞ በልዩ ልዩ አገር ሳሙና የሚሠራው ከአመድ በተጠለለ ውሃ ነበር። ነገር ግን የአመድ ውሃ ኀይል እንደ እንጨቱ ዓይነትና እንደ አጠላለሉ ስለሚለያይ፥ ለፊት የሚሆን ሳሙና ለመሥራት አይታመንም። እንዶድም ልብስን የሚያነጻ ቢሆንም ዓይንን ስለሚያስቆጣ ለፊት አይሆንም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

1ኛ/ ቀልጦ የተጣራ የበሬ ወይም የበግ ሞራ 450 ግራም፤
2ኛ/ የጉሎ ዘይት 50 ግራም፤
3ኛ/ ንጹሕ ኮስቲክ ሶዳ 65 ግራም፤
4ኛ/ ንጹሕ ውሃ 150 ግራም፤
5ኛ/ እስከ 1 ግራም ድረስ ለይቶ የሚያሳይ ሚዛን፥ የላስቲክ ጓንት፥ የዓይን መከላከያ መነጽርና ቴርሞሜትር።

ለዳቦና ለኬክ የሚሆነው ሶዳ ኮስቲክ ሶዳ ስላልሆነ በዚህ ሥራ አይተካውም። ለቧንቧ መክፈቻ የሚሸጠውም ሌላ ነገር ሊቀላቀልበት ስለሚችል አይወሰድ። ሶዳው በማንኪያ ወይም በስኒ አይሰፈር። ሞራውም በሌላ ዘይት ቢለወጥ የሶዳው ልክ አብሮ ይለወጣል፤ ለምሳሌ የኮኮናት ዘይት ከሞራ የበለጠ ሶዳ ይፈልጋል። ዕቃውም የማይዝግ ብረት ወይም ሙቀት የሚችል ወፍራም ፕላስቲክ ይሁን። አሉሚኒየም ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲገናኝ ተበልቶ በእሳት የሚያያዝ ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ አይነካካ።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ ሞራውን ከትፎ ከውሃና ከጥቂት ጨው ጋር በዝግታ ማቅለጥ፥ በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል፥ ሲቀዘቅዝም ከላይ የረጋውን ነጭ ቅባት ማንሣት ነው። ከዚህ 450 ግራም ተመዝኖ ከጉሎ ዘይቱ ጋር እንደገና ይቀልጥና ሙቀቱ ወደ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ከእሳት ይውረድ።

ቀጥሎ መስኮቱ በተከፈተበት ስፍራ፥ ጓንትና መነጽር አድርጎ፥ የተመዘነውን ሶዳ በቀዝቃዛው ውሃ ላይ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ማማሰል ነው። ዘወትር ሶዳው ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው በሶዳው ላይ አይፈስም፤ ይህ ቢገለበጥ ድንገት ፈልቶ ወደ ፊት ሊፈናጠር ይችላል። ውሃው ያለ እሳት በራሱ እጅግ ይግላል፤ የሚወጣውም እንፋሎት እንዳይሸተት ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

የሶዳው ውሃ ወደ 50 ዲግሪ ሲበርድ በቀለጠው ቅባት ላይ በቀስታ ይፈስሳል። ከዚያም ውሁዱ እንደ ወፍራም አጥሚት ሆኖ ከማንኪያው የሚንጠባጠበው በላዩ ላይ ምልክት እስኪተው ድረስ ሳያቋርጡ ማማሰል ይገባል። በዚህ ጊዜ ወረቀት በተነጠፈበት ሣጥን ውስጥ ገልብጦ፥ በጨርቅ ሸፍኖ፥ ከ1 እስከ 2 ቀን ማቆየት ነው። ሲጠነክር በጓንት ተይዞ ይቆረጥና ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥፍራ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቀመጥ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ውሃው ይተናል፥ ሳሙናውም ይጠነክራል፥ ለቆዳም ይለሰልሳል።

ከመጠቀም አስቀድሞ ከሳሙናው ጥቂት በውሃ አሟሙቶ በፒኤች መለኪያ ወረቀት መመርመር ያስፈልጋል። ማናቸውም እውነተኛ ሳሙና ከ9 እስከ 10 ያህል ያሳያል፤ ከ10 በግልጽ የሚበልጥ ከሆነ ወይም ሲቆረጥ በውስጡ ፈሳሽ ወይም ነጭ ዱቄት የቋጠረ ከሆነ ፊት ላይ አይውል።

ስለ አደጋው

ኮስቲክ ሶዳ ቆዳን ያቃጥላል፥ ዓይንን ያጠፋል፥ ቢዋጥም የምግብ መውረጃ ቧንቧን ያቆስላል። ይልቁንም የሶዳውን ውሃ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ወይም በመጠጫ ብርጭቆ ማስቀመጥ ታላቅ ጥፋት ነው፤ መልኩ ከውሃ ስለማይለይ ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋልና። ስለዚህ በሥራው ሰዓት ሕፃናት በአጠገቡ አይኑሩ፤ የተረፈውም ሶዳ ስሙ ተጽፎበት፥ ተቆልፎበት ይቀመጥ።

ሶዳው ቆዳን ወይም ዓይንን ቢነካ የነካውን ልብስ አውልቆ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ማጠብና ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ በላዩ አይደረግ። የዋጠ ሰው ቢኖር አፉን ተጉመጥሙጦ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ፤ ለማስመለስ ፈጽሞ አይሞከር፤ ቅመሙ ሲመለስ ቧንቧውን ሁለተኛ ያቃጥለዋልና።

ስለ አላላጩ

አረፋው በረጠበ ብሩሽ ይነሣና በፊት ላይ 1 ደቂቃ ያህል ይቆይ። መላጨት የሚገባው ጠጉሩ ወደሚያድግበት አቅጣጫ ነው። ጠጉሩ የተጠቀለለ ሰው እጅግ አስጠግቶ ቢላጭ፥ የተቆረጠው ጫፍ ተመልሶ ወደ ቆዳ እየገባ እብጠት ያወጣበታል። በመጨረሻም ሳሙናው በንጹሕ ውሃ በሚገባ ይታጠብ።

ነገር ግን ሳሙናው የቱንም ያህል ቢያምር የሌላ ሰው ደም የነካውን ምላጭ አያነጻም። በደም የሚተላለፉት የጉበት ቫይረሶችና ኤች አይ ቪ በጋራ ምላጭ ሊተላለፉ ይችላሉ፤ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ አባትና ልጅ፥ ወንድምና ወንድም እንኳ ቢሆኑ ለየራሳቸው ምላጭና ብሩሽ ይኑራቸው።

መምህራን ይህን ትምህርት ለተማሪዎቻቸው ሲያስረዱ የኬሚስትሪውን ምስጢር ይንገሩአቸው እንጂ ኮስቲክ ሶዳውን በእጃቸው አያስይዙአቸው። በሚዛን ያልተለካ ሶዳ ፊትን የሚያቃጥል ጠላት ነው፤ ተለክቶና ጊዜውን ጠብቆ ሲሠራ ግን ያው ሶዳ ፊትን ከምላጭ የሚጠብቅ ሳሙና ይሆናል።