የኩላሊት እጥበት ካቴተርና አያያዙ
የማዕከላዊ ደም መልስ ካቴተር በአንገት ወይም በብሽሽት በኩል ገብቶ ትልቅ ደም መልስ ውስጥ የሚያርፍ ለስላሳ ቱቦ ነው። በአንገት የገባው ጫፉ ልብ አጠገብ ይደርሳል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ኃይለኛ መድኃኒቶች ይሰጡበታል። አዲስ አበባ ጉለሌ በሚገኘው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅና በሌሎች የኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) ማዕከላት ደግሞ ካቴተሩ ታማሚውን ከእጥበት ማሽኑ ጋር ያገናኛል። ማሽኑ በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ስለሚስብ የክንድ ቀጭን ደም ሥር አይበቃውም። ካቴተሩ ሁለት መሥመር አለው፤ ደሙ በቀዩ ወጥቶ በሰማያዊው ይመለሳል።

ጊዜያዊው ዓይነት ለአጭር ጊዜ ብቻ የታሰበ ነው። ለወራት የሚቆየው ከቆዳ ሥር ተስቦ ደረት ላይ ይወጣል፤ ከቆዳ ሥር ቱቦው ላይ ያለችው ቀለበት ሥጋ ሲያያዝባት ቱቦውን ታጸናለች፣ ጀርምም ታግዳለች።

ቆዳ የሰውነት አጥር ነው፤ ካቴተር ያንን አጥር አልፎ በቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ክዳኑ የሚከፈትበት እያንዳንዱ ቅጽበት አደጋ አለው። ነርሷ እጇን ትታጠባለች፤ እሷም ታማሚውም ጭምብል ያደርጋሉ። መሥመሩን የሚዘጋው ክላምፕ መዘጋቱ ሳይረጋገጥ ክዳን አይነሳም፤ ክፍት ከሆነ አየር ወደ ልብ ሊገባ ይችላል። አፉ በአልኮል ወይም በክሎርሄክሲዲን ቢያንስ 15 ሰከንድ ይታሻል፣ ይደርቃል። ደም እንዳይረጋ ውስጡ የተተወው ሄፓሪን ተስቦ መጣል አለበት፤ ወደ ሰውነት ከተገፋ ደም መፍሰስ ያስከትላል። የጋዝ ፋሻ ቢበዛ በየሁለት ቀኑ፣ በውስጡ የሚያሳየው ፕላስተር በየሳምንቱ ይቀየራል፤ ከረጠበ ወይም ከተላቀቀ ግን ወዲያውኑ።

ይህ ሁሉ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት በ100 ያህል ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተካሄደና በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህን አሳይቷል፤ እጅ መታጠብ፣ ካቴተሩ ሲገባ ታማሚውን በንጹሕ ጨርቅ ሙሉ በሙሉ መሸፈን፣ ቆዳን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳት፣ ብሽሽትን መተውና የማያስፈልገውን ካቴተር ማውጣት የደም ኢንፌክሽኑን እስከ 66 በመቶ ቀንሰውታል።

ቤት ውስጥ ዋናው ነገር ካቴተሩ የገባበትን ቦታ ደረቅ አድርጎ መጠበቅ ነው። ገላ ሲታጠቡም ሆነ ጠበል ሲጠመቁ ፋሻው መርጠብ የለበትም፤ ጠበሉን መጠጣት የሚፈልግም ለእጥበት ታማሚ የተፈቀደውን የፈሳሽ መጠን ማሰብ አለበት። ትኩሳት፣ በተለይ በእጥበት ሰዓት የሚነሳ ብርድ ብርድ ማለት፣ መቅላትና መግል ሳይውሉ ሳያድሩ ለሐኪም ይነገራሉ። ካቴተሩ ከወጣ ቦታውን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ ተጭኖ በጀርባ እንደተኙ ወደ ቅርብ ድንገተኛ ክፍል መወሰድ ነው።

ለረጅም ጊዜ እጥበት የተሻለው መንገድ በክንድ የሚሠራ ፊስቱላ፣ ማለትም የደም ወሳጅና የደም መልስ ሥሮች መጋጠሚያ ነው። ለመብሰል ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ስለሚፈጅበት ቀድሞ መሠራት አለበት፤ ለእሱ ከታሰበው ክንድም ደም አይቀዳም። ፊስቱላው በአግባቡ መሥራት ሲጀምር ካቴተሩ ይወጣል።