ሚኒባሳችን በቀትር ለምን ይጠፋ ነበር?

በዘንድሮው የትምህርት ዓመት ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ግንቦት አጋማሽ ድረስ የትምህርት ቤታችን ሚኒባስ ስድስት ጊዜ መንገድ ላይ ቆሟል። ስድስቱም ጊዜ የቆመው ልጆች ወደ ቤት ሲመለሱ ነው። በጅቡቲ የግንቦት ቀትር አሥራ አራት ሕፃናት ይዞ ባልባላ መንገድ ላይ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ለወላጆቻችን ማስረዳት አያሻም። በአምስተኛው ቀን ከአጸደ ሕፃናት ተማሪዎቻችን አንዷ በሙቀቱ ራሷን ስታ ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን ጥላ ውስጥ ገብታ ውኃ ስትጠጣ ተሻላት። ከዚያ በኋላ ብዙ ወላጆች ምን እንደተፈጠረ በቃልም በጽሑፍም ጠይቀውናል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለእነርሱ መልስ እንዲሆን፣ ደግሞም የላይኛው ክፍል ተማሪዎቻችን በፊዚክስ ትምህርት የሚያነቡት ነገር የት እንደሚሠራ እንዲያዩት ብለን ነው።

መጀመሪያ የወሰድንበት ጋራዥ ባለሙያ የነዳጅ ፓምፑ ድምፅ እንደማይሰማ ነገረን። ፓምፑን አስቀየርን። መኪናው ግን በሳምንቱ እንደገና ቆመ። በዚህ መካከል በግቢያችን አንድ ወሬ ተነሣ፤ ሹፌራችን ቤንዚን እየቀነሱ ይሸጣሉ፣ ታንከሩን ባዶ እያደረጉ ፓምፑን ያቃጠሉት እርሳቸው ናቸው የሚል። እኛም ወሬውን ሳናጣራ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠናቸው። ይህን ሳንሸሽግ እንጽፋለን፤ ማስጠንቀቂያውን ሁሉም ሰምቷልና።

ሁለተኛው ሙከራ በኮምፒውተር ማንበቢያ ነበር። በማሽኑ ላይ ፒ0335 የሚል ኮድ ወጣ። ባለሙያው «የክራንክሻፍት ሴንሰር ነው» አለንና ለቤተ መጻሕፍት ከያዝነው ገንዘብ ላይ ወስደን አዲስ ሴንሰር ገዛን። በአራተኛው ቀን ሚኒባሱ ዳግመኛ ጸጥ አለ።

እዚህ ላይ ሴንሰሩ ምን እንደሚሠራ መግለጽ ያስፈልጋል። ክራንክሻፍት ማለት የፒስቶኖቹን ወደ ላይና ወደ ታች መመላለስ ወደ መሽከርከር የሚቀይረው የሞተሩ ዋና ዘንግ ነው። በዚህ ዘንግ ጫፍ ላይ ጥርስ ያለው የብረት ጎማ ታስሯል። በእኛ ሚኒባስ ጎማው የ36 ጥርስ ቦታ አለው፤ ሁለቱ ግን ሆን ተብለው አልተሠሩም፤ ስለዚህ 34 ጥርስ ነው ያለው። በጎማው አጠገብ፣ ከአንድ ሚሊሜትር በማይርቅ ክፍተት፣ ሴንሰሩ ተቀምጧል። ውስጡ ማግኔትና በማግኔቱ ዙሪያ የተጠቀለለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ እንጂ ሌላ ነገር የለም። ጥርሱ ባለፈ ቁጥር የማግኔቱ ኃይል ይለዋወጣል፤ ያ ለውጥ በጥቅሉ ሽቦ ውስጥ ትንሽ ቮልቴጅ ይፈጥራል። ማይክል ፋራዴይ በ1831 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያገኘው ሕግ ይኸው ነው።

ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲሽከረከር በሴኮንድ 50 ዙር ይሆናል፤ 50 በ34 ሲባዛ በየሴኮንዱ 1,700 ምልክት ወደ ኮምፒውተሩ ይደርሳል። ሁለቱ የጎደሉ ጥርሶች ሲያልፉ ምልክቱ ለአፍታ ይቋረጣል፤ ኮምፒውተሩ ዘንጉ የት እንደደረሰ የሚያውቀው በዚህች ክፍተት ነው። ቀድሞ በዲስትሪቢዩተር ዘመን ካንዴላው መቼ እሳት እንደሚሰጥ የሚወስነው በዘንግ የሚዞር አካል ነበር። አሁን የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው፤ ምልክቱ ካልደረሰው ካንዴላው እሳት አይሰጥም፣ ኢንጀክተሩም ቤንዚን አይረጭም። በእኛ ዓይነት መኪና ደግሞ የነዳጅ ፓምፑንም ያጠፋዋል። ይህ ለደኅንነት የተደረገ ነው፤ መኪና ተጋጭቶ ሞተሩ ቢቆም ቤንዚን መፍሰሱን እንዳይቀጥል። እንግዲህ የፓምፑ ዝምታ የችግሩ ምክንያት ሳይሆን ውጤቱ ነበር። እኛ ግን በዚያ ዝምታ ሰው ወቀስን።

መፍትሔው የተገኘው ወደብ ላይ የከባድ መኪና ኤሌክትሪክ በሚሠሩ አንድ ወላጅ ነው። በዕረፍት ቀናቸው መጥተው፣ መሣሪያቸውን ከመክፈታቸው በፊት፣ ከሹፌራችን ጋር ጥላ ሥር ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ መቼ መቼ ነው የሚጠፋብዎት?» ሲሉ ጠየቋቸው።

ሹፌራችን ከኪሳቸው ትንሽ ደብተር አወጡ። ስድስቱንም ጊዜ ቀንና ሰዓት ጽፈዋል። ጠዋት አንድም ጊዜ አልጠፋም። ሁልጊዜ ከስድስት ሰዓት ተኩል በኋላ፣ መንገድ ተጨናንቆ ሞተሩ ብዙ ከቆየ በኋላ ነው። ከግማሽ ሰዓት በላይ ሲያርፍ በራሱ ይነሣል። «ቤንዚን ያለቀበት መኪና ይንተፋተፋል፣ ይጎትታል። ይኼ ግን ቁልፍ የዘጉበት ይመስል ነው ጸጥ የሚለው። የዙር ቆጣሪው መርፌ ደግሞ መኪናው ገና እየሄደ ዜሮ ላይ ይወድቃል፤ ሞተሪኖ ሲመታም አይነሣም» አሉ። ይህን ለእኛም ነግረውን ነበር። አልሰማንም ማለት ይቀለናል፤ እውነቱ ግን ሰምተን አልተረዳንም፣ ሊረዳ የሚችል ሰውም አልጠየቅንም።

ወላጁ የኮዱን ትርጉም ያስረዱን በዚህ ጊዜ ነው። ፒ0335 የሚለው ኮድ «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» አይልም፤ የሚለው «ከክራንክሻፍት ሴንሰር መስመር ምልክት አጣሁ» ነው። መስመሩ ውስጥ ደግሞ ሴንሰሩ፣ ሁለት ሽቦዎች፣ በሁለቱም ጫፍ ሶኬቶች፣ በመጨረሻም ኮምፒውተሩ ራሱ አሉ። ከእነዚህ የትኛው እንደታመመ ኮዱ አይለይም። ጋራዡ ግን ኮዱን እንደ ስም ቆጥሮ አንዱን ቀየረ።

ሞተሩ ከሹፌሩ ወንበር ሥር ስለሆነ ወንበሩን አነሡ። ባትሪው 12.6 ቮልት ነበረ፤ ሞተሪኖ ሲመታም ከ10 ቮልት በታች አልወረደም። ቀጥለው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የአዲሱን ሴንሰር ሬዚስታንስ ለኩ፤ 1,150 ኦም ሆነ። በሌላው ጫፍ፣ የኮምፒውተሩን ሶኬት ነቅለው፣ በሽቦዎቹ በኩል ሲለኩም ያው 1,150 ነው። ሁሉም ነገር ደኅና ይመስላል። ጋራዥ ውስጥ የሚለካው ብዙውን ጊዜ እንዲህ መኪናው ቀዝቅዞ ነው፤ ስለዚህ «ሽቦው ምንም አልሆነም» ቢባል አያስገርምም። እርሳቸው ግን «በሽተኛ የሚመረመረው ትኩሳቱ ሲነሣ ነው» ብለው ሶኬቱን መልሰው ሰኩ፤ ወንበሩን በቦታው አድርገው ሞተሩን በቀትር ፀሐይ ግቢያችን ውስጥ አስነሡ። የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ከበው ይጠብቁ ጀመር። አርባ ደቂቃ ያህል ሲሆን ሞተሩ ድርግም አለ።

ቸኩለው ወንበሩን አነሡና ሁለቱን ጫፎች ለኩ። መዳብ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ሬዚስታንሱ በ0.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሴንሰሩ ከ30 ወደ 85 ዲግሪ ገደማ ቢሞቅ 1,150 የነበረው ወደ 1,400 መድረስ አለበት። ከሽቦው ተነቅሎ ለብቻው ሲለካ በእርግጥ 1,400 ገደማ አሳየ፤ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። መልሰው ከሽቦው ጋር አገናኝተው በኮምፒውተሩ በኩል ሲለኩ ግን ቆጣሪው ሦስት ኦም ብቻ አለ። ሁለቱ ሽቦዎች መካከል ላይ አንድ ቦታ ተነካክተዋል ማለት ነው፤ ምልክቱ ኮምፒውተሩ ዘንድ ሳይደርስ እዚያው ተገናኝቶ ይሞታል።

ገመዱን በእጃቸው እየዳሰሱ ተከተሉት። ከጭስ ማውጫው ቱቦ አጠገብ በሚያልፍበት ቦታ ማሰሪያው ተሰብሮ ገመዱ ወደ ቱቦው አዘንብሎ ነበር። ልባሱ ለስልሶ የሁለቱ ሽቦ መዳብ ይታያል። ሲሞቅ ልባሱ ይለሰልስና ይነካካሉ፤ ሲቀዘቅዝ ጠጥሮ ይለያያሉ። ጠዋት የማይጠፋበት ምክንያት ይኸው ነው።

የተጎዳውን ክፍል ቆርጠው አዲስ ሽቦ በካውያ በየዱ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ በሙቀት በሚኮማተር ቱቦ ሸፈኑ፣ ሁለቱን እንደ ቀድሞው ገመሩ፤ የተገመረ ሽቦ ከቦቢናው የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ረብሻ ይቀንሳልና። ከዚያም ከቱቦው አርቀው አሰሩት። ለዕቃው የወጣው ገንዘብ ከአንድ ቀን የቤንዚን ወጪያችን ያነሰ ነው። ለድካማቸው አልቀበልም ብለዋል።

ማስታወሻ ለሚያስፈልጋቸው አንባቢያን፦ ሁሉም ሴንሰር እንዲህ አይለካም። ሦስት ሽቦ ያለውና ከኮምፒውተሩ ኮረንቲ የሚቀበለው ዓይነት በኦም መለኪያ አይመረመርም፤ ሊጎዳም ይችላል። መጀመሪያ ዓይነቱን ማወቅ ይገባል።

ከዚያ ቀን ወዲህ እስከ ትምህርት መዝጊያ ድረስ ሚኒባሱ አልቆመም። ማስጠንቀቂያውን በወላጆች ኮሚቴ ፊት ሰርዘን ከሹፌራችን ማኅደር አውጥተናል፤ ይቅርታም ጠይቀናል። እርሳቸው «ልጆቹ ካልተንገላቱ ይበቃኛል» አሉ፤ ደብተራቸውን ግን አሁንም ከኪሳቸው አይለዩትም።

በጋራዡ ተነቅሎ የተጣለውን አሮጌ ሴንሰር አስፈልገን አግኝተነዋል። አሁን በፊዚክስ ቤተ ሙከራችን ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። ተማሪዎቻችን ብረት እያሳለፉበት የሚፈጥረውን ቮልቴጅ ለክተዋል፤ ምንም አልሆነም።