በሃይዳዎች ዘንድ ጭፈራ ባለቤት አለው

ከካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ ባሻገር በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ የሚገኙት የሃይዳ ግዋይ ደሴቶች ነባር ሕዝብ የሆኑት ሃይዳዎች ዘፈንና ጭፈራን ለመዝናኛነት ብቻ አይጠቀሙባቸውም። በሥርዓት ላይ የሚቀርብ ዘፈን፣ አብሮት የሚሄደው ጭፈራና ጨፋሪው የሚያጠልቀው ጭምብል የአንድ የታወቀ ጎሳ ንብረት ናቸው። በእኛ አነጋገር ርስት ሊባሉ ይችላሉ። በእናት ወገን ይወረሳሉ፤ የባለቤቱ ፈቃድ ሳይጠየቅም ሌላ ሰው አይጨፍራቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1983 በቫንኩቨር ከተማ የራሳቸውን የዳንስ ኩባንያ ያቋቋሙት የዘመናዊ ዳንስ አቀናባሪ ካረን ጀሚሰን፣ በ2000ዎቹ ስኪደጌት ከተባለችው የሃይዳ መንደር ነዋሪዎች ጋር የጋራ ሥራ ሲጀምሩ የጠበቃቸው ይህ ሥርዓት ነበር። በዘመናዊ ዳንስ ዓለም አቀናባሪው እንቅስቃሴን ካየበት ሁሉ ወስዶ እንደፈቀደ መለወጡ የፈጠራ ነፃነት ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ይህ ነፃነት በሃይዳ ዘንድ የሰው ንብረት ከመውሰድ ተለይቶ አይታይም።

ሃይዳዎች ቁራና ንስር በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ወገኖች የተከፈሉ ሲሆን፣ ጋብቻ የሚፈጸመው ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ነው። የጎሳ መብት በይፋ የሚረጋገጠው ፖትላች በተሰኘው ድግስ ላይ ነው። ደጋሹ ጎሳ ዘፈኑንና ጭፈራውን ያሳያል፤ ለእንግዶቹም ስጦታ ያድላል። ስጦታውን የተቀበለ እንግዳ በዚያው ምስክር ይሆናል። ጽሑፍ ባልነበረበት ዘመን ጭፈራው ሰነድ፣ እንግዳውም እማኝ ነበር ማለት ይቻላል።

የካናዳ መንግሥት ይህን ድግስ እ.ኤ.አ. ከ1885 ጀምሮ በሕግ ከለከለ። ክልከላው የተነሳው በ1951 ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1862 የተቀሰቀሰው የፈንጣጣ ወረርሽኝ በሺዎች ይቆጠር የነበረውን ሕዝብ ፈጅቶ ስለነበር፣ ምዕተ ዓመቱ ሲያበቃ የቀሩት ሃይዳዎች ከ600 በታች ነበሩ። ባለቤቱ ሲሞት ዘፈኑም አብሮት የተቀበረበት ጎሳ ጥቂት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 ቀራፂው ሮበርት ዴቪድሰን በኦልድ ማሴት መንደር ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ የመጀመሪያውን የጎሳ ምሰሶ ሲያቆሙ፣ የተረፉት አዛውንት በልጅነታቸው የሰሙትን ዘፈን እያስታወሱ ለበዓሉ አቅርበዋል። ዴቪድሰን ከወንድማቸው ጋር የጭፈራ ቡድን ያቋቋሙት ከ11 ዓመታት በኋላ ነበር። በጭንቅ የተረፈን ነገር ለእንግዳ እጅ አሳልፎ ለመስጠት ማመንታት እንግዲህ የሚያስገርም አይደለም።

ችግሩ በአንድ እንቅስቃሴ ላይ እንኳ ጎልቶ ይታያል። የሃይዳ ጨፋሪ የሚደርበው ካባ በጀርባው ላይ በዛጎል አዝራሮች የተሠራ የጎሳ ምልክት አለው። ጨፋሪው ዞሮ ጀርባውን ሲያሳይ ማንነቱን መናገሩ ነው። አንድ አቀናባሪ ይህን መዞር ለዓይን ስላማረ ብቻ ወደ ሌላ ቦታ ቢያዛውረው ወይም ሌላ ሰው እንዲፈጽመው ቢያደርግ፣ እንቅስቃሴው ቀርቶ ንግግሩ ይጠፋል።

ጀሚሰን ወደ ስኪደጌት የሄዱት ያለ ልምድ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1991 በየብስ ከሚኖሩት ከጊትክሳን ተወላጅ የጥበብ ሰዎች ጋር "ጋዋ ግያኒ" የተሰኘ ሥራ አቅርበዋል። ስያሜው በጊትክሳን ቋንቋ ሁለት ወገኖች ጠብ ለመፍታት የሚገናኙበትን ቦታ ያመለክታል። ወቅቱም ለዚያ ሕዝብ ቀላል አልነበረም። የመሬት ባለቤትነታቸውን ለማስረዳት በፍርድ ቤት ቀርበው የጎሳ ዘፈን እስከ ማሰማት የደረሱት ጊትክሳኖች፣ ክሳቸው ውድቅ የተደረገው በዚያው ዓመት ነው። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1997 ውሳኔውን ሽሮ፣ በቃል የሚተላለፍ ታሪክ በማስረጃነት ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ ወስኗል።

እንዲህ ያለው የጋራ ሥራ የሚጀመረው ከመድረክ ሳይሆን ከጥየቃ ነው። በአካባቢው ልማድ በታንኳ የመጣ እንግዳ ከባሕሩ ዳርቻ ርቆ ይቆማል፤ ማን እንደሆነና ከየት እንደመጣ ተናግሮ ለመውረድ ፈቃድ ይለምናል። አቀናባሪውም ከዚህ የተለየ መንገድ የለውም። የትኛው ዘፈን በአደባባይ ሊቀርብ እንደሚችል፣ የትኛውም ከጎሳው ቤት እንደማይወጣ የሚወስኑት ባለቤቶቹ ናቸው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን አዲሱ ሥራ የማን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ነው። የካናዳ የቅጂ መብት ሕግ የዳንስ ቅንብርን የሚጠብቀው አቀናባሪው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ70 ዓመታት ሲሆን፣ ደራሲው የማይታወቅ ጥንታዊ ዘፈን ግን በሕጉ ዓይን የማንም አይደለም። በሃይዳ ሥርዓት የጎሳው መብት የጊዜ ገደብ የለውም። ሁለቱ ሕጎች ስለማይገናኙ፣ የቀረጻው፣ የፎቶግራፉና ሥራውን በሌላ ከተማ ደግሞ የማቅረቡ ጉዳይ ልምምድ ከመጀመሩ አስቀድሞ መነጋገርን ይጠይቃል።