«የወባ ትንኝ» የምትባለው የትኛዪቱ ናት?

በአማርኛ «ትንኝ» ጥቃቅን በራሪዎችን በጅምላ ሲያመለክት፣ «ቢንቢ» ደም መጣጯን ለይቶ ይጠራል። «የወባ ትንኝ» የሚለው ጥምር ስም ግን ለአኖፌለስ ወገን ብቻ ሊሰጥ ይገባዋል፤ ከአኖፌለስም ወባ የምታዛምተው ጥቂቷ ናት። ወንዱማ በየትኛውም ወገን ቢሆን የአበባ ወለላ እንጂ ደም አይቀምስም።

አኖፌለስ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ጭራዋን ሽቅብ አንሥታ ታዘነብላለች። ኩሌክስና ኤደስ አካላቸውን ከግድግዳው ጋር ትይዩ አድርገው ያርፋሉ፤ ኤደስ ኤጂፕታይ በተለይ በጥቁር እግሮቿ ላይ ባሉት ነጫጭ ቀለበቶች ትታወቃለች።

ስያሜው የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 በደንጊ፣ በ2019 በቺኩንጉንያ ተጠቅታለች፤ ሁለቱንም የምታዛምተው ኤደስ ናት። ይህችን «የወባ ትንኝ» ብሎ የሚጠራ ሰው የሌሊት አጎበሩን ይተማመናል፤ እርሷ ግን የምትነድፈው በቀን ነው።

በምትራባበት ውኃ «የጋን ቢንቢ» እንዳንላት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲም በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ስለምትራባ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። «የቀን ቢንቢ» ቢባል ግን ስሙ ራሱ ለሰሚው ማስጠንቀቂያ ይሆናል።