አንድ የተበላሸ ጥያቄ ሰርቨሩን ለምን ይዘጋዋል?



ባለፈው ረመዳን ለጀመዓችን የኢፍጣር ምዝገባ በኖድ ጄኤስ ትንሽ ሰርቨር ሠርቼ ነበር። አንድ ቀን ከዐስር በኋላ ጸጥ አለ። ሜሞሪ ላይ ብቻ የነበረው የስም ዝርዝርም አብሮት ጠፋ፤ ስንት ሰው እንደምናስፈጥር ሳናውቅ መግሪብ ደረሰ።

ሎጉን ሳየው አንድ ወንድም ቅጽል ስሙን በድርብ ትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ጽፏል። ፎርሙ ጄሶኑን የሚሠራው ቁርጥራጭ ጽሑፍ እየቀጠለ ስለነበር (ይህ የእኔው ጥፋት ነው) የተላከው ተበላሸ። ጄሶን ፓርስ ማንበብ ሲያቅተው ኤረር ይወረውራል፤ የሚይዘው ካጣ ኖድ ፕሮሰሱን ይዘጋል። ሁሉም ተጠቃሚ በዚያ አንድ ፕሮሰስ ስለሚስተናገድ የአንዱ ጥያቄ ሁሉንም ያስቀራል።

መፍትሔው ፓርስ የሚያደርገውን መስመር በትራይ-ካች ማቀፍ፣ ለላኪው 400 መልሶ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ማለፍ ነው። ግን ልብ በሉ፦ ትራይ-ካች የሚይዘው በዚያው ቅጽበት የሚወረወረውን ብቻ ነው። ፋይል ተነቦ ሲያበቃ በሚጠራው ኮልባክ ውስጥ የሚፈጠረው ያመልጠዋል፤ ለእሱ እዚያው ኮልባኩ ውስጥ ሌላ ትራይ-ካች ያስፈልጋል። ከኖድ 15 ወዲህ ደግሞ ያልተያዘ የፕሮሚስ ኤረርም ሰርቨሩን ይዘጋዋል።

«አንኮት ኤክሴፕሽን» በሚባለው መያዣ ሁሉንም ውጦ መቀጠል ያጓጓል፤ እኔም ሞክሬዋለሁ። ፕሮግራሙ መሃል ላይ ምን ጀምሮ እንደተወ ስለማይታወቅ አደገኛ ነው። እዚያ ኤረሩን ሎግ ላይ ጽፎ መውጣት፣ ማስነሣቱን ለሲስተምዲ መተው ይሻላል። ዝርዝሩ ግን ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሲስተምዲ ሰርቨሩን እንጂ ስሞቹን አይመልስም።